ማዕበሉ ደሴቱ ላይ ቀረ፣ ኩርፊያው ቤት ገባ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ጸሐፊዋ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ባለቤቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ ዋናውን ብቻ አወጣሁት።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከፋሲካ በኋላ እኔና ባለቤቴ ዛንዚባር ሄድን። ከተጋባን 6 ዓመት ሆኖናል፤ አብረን ከአዲስ አበባ አልፈን ግን አናውቅም ነበር። ብሩን ያጠራቀምኩት በዕቁብ ነው። የ4 ዓመት ልጃችንን አማቴ ጋ ተውነው። አራቱ ቀን እንደ ሕልም አለፈ። የምንመለሰው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ሌሊት ዝናብና ነፋስ ተነሣ። ቅዳሜ በረራው ተሰረዘ ተባልን። የወጣነው እሑድ ነው፤ ቦሌ ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። እሑድ ጠዋት ወደ ጅማ የምንበርበት ትኬት ለብቻው የተቆረጠ ስለነበር አለፈን። ስልክ ስንከፍት አማቴ ‹ልጁን ትንሽ አተኩሶታል› አሉን። ባለቤቴ እዚያው በቆምንበት ‹ኮንትራት መኪና ይዘን ሌሊቱን እንግባ› አለ። እኔ ‹ሌሊት አልሄድም› አልኩት። ‹አንቺ እናት ነሽ?› አለኝ። እኔም የማይባል ነገር ተናገርኩ። ፔንሲዮን ይዘን አደርን፣ ቃል አልተነጋገርንም። ሰኞ ጠዋት አዲስ ትኬት ገዝተን ተሳፈርን። አውሮፕላኑ ጅማ ላይ ሲዞር ቆይቶ በደመናው ምክንያት ወደ ቦሌ ተመለሰ። ማክሰኞ በአውቶቡስ መጣን። ልጁ ተሽሎት ነበር፤ ጤና ጣቢያ ወስደውት ቶንሲል ነው ተብሏል። አማቴ ግን ፊታቸውን አዙረውብናል። ሻንጣችን ከ5 ቀን በኋላ ነው የደረሰን። ለእሳቸው የገዛሁት ቅርንፉድ አሁንም ውስጡ አለ፤ ለመስጠት አፈርኩ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነን። ከባለቤቴ ጋር ‹ልጁ በላ? ተኛ?› ከመባባል በቀር ወሬ የለንም። ‹ሁለተኛ ሽርሽር የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ› ብሎኛል። እትዬ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ? ቅዳሜ ዕለት አንዳንድ እንግዶች በጀልባ ወደ ዳሬሰላም እንሻገራለን ሲሉ እኛም መሄድ ነበረብን? ያወጣነው ብርስ ይመለሳል?»

የኔ እህት፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ቃል ያላችሁ ሰው አላገኘሁበትም። እዚህ እኛ ጋ መንገደኛ ሲገባ «ባጋ ነጋን ገልተን» ይባላል። ውሃ ይቀርባል፣ ጀበና ይጣዳል። መንገዱ እንዴት ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ሰውየውም ያወራል፣ ይወጣለታል። እናንተ ሦስት ቀን ስትንገላቱ ሰንብታችሁ በዝምታ ገባችሁ። ያልተወራ መንገድ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ከኩርፊያችሁ ግማሹ እሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሌሊት አልሄድም በማለትሽ አላጠፋሽም። ይህን አስረግጬ ነው የምልሽ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ፣ ጊቤን ወርዶ ወጥቶ፣ በሶኮሩና በአሰንዳቦ አድርጎ ነው የሚገባው። የጊቤን ቁልቁለት በቀን እንኳ ሹፌር ተጠንቅቆ ነው የሚወርደው። ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛዋል። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ አለ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ጉም ይተኛል። በዚያ ላይ ሌሊት። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ በእናንተ ችኮላ ምክንያት ጥሩ ዋጋ ስለቀረበለት ብቻ እሺ የሚል ሹፌር። የመንገዱን ጸጥታም ቢሆን በዚያ ሰዓት ማን ያረጋግጥላችኋል?

ይህን የምነግርሽ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሳለሁ እናቴ ታመመች ተብሎ ተደወለልኝ። የዕለቱ በረራ በአየር ጠባይ ተሰርዞ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በአባዱላ ተነሣን። ወልቂጤን እንዳለፍን ሹፌሩ ማንጎላጀት ጀመረ። ከፊት የተቀመጡ አንድ የሰርቦ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ናቸው ያተረፉን። ስለ ከብታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቡናቸው ያለማቋረጥ ያወሩለት ነበር። ዝም ካለ ትከሻውን ነካ አድርገው ይጠይቁታል። የጊቤ ቁልቁለት መሃል ላይ አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና መብራት ሳይኖረው ቆሟል። ከኋላው ድንጋይ ብቻ ደርድረውለታል። ሽማግሌው ጮኹ። መኪናችን ድንጋዩን ነክቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማንም ሂድ አላለውም። እስኪነጋ መንገድ ዳር ተቀመጥን። ጅማ የገባሁት ረፋድ ላይ ነው። እናቴን ጎረቤቶቻችን ማታውኑ አሳክመዋት፣ ትራስ ተደግፋ አጥሚት ስትጠጣ አገኘኋት። ሞቼ ቢሆን ኖሮ ያን ጠዋት የምትሰማው የእኔን መርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጊቤን በጨለማ ወርጄ አላውቅም።

የልጅሽንም ነገር በዚሁ ዓይን እዪው። ጅማ ወባ ያለበት አገር ነው። ልጅ ሲያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ቢታይ ነው የሚመከረው። ስለዚህ ያን ማታ ልጁ የሚያስፈልገው እርጥብ ጨርቅ፣ ውሃ፣ ሲነጋ ደግሞ ጤና ጣቢያ ነበር። ሦስቱንም አያቱ አድርገውለታል። እናንተ ሌሊቱን ብትነዱ ሲነጋጋ ብትደርሱ ነው። የምትወስዱትም እዚያው ጤና ጣቢያ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ስለ ባለቤትሽ አንድ ነገር እንድታስቢ እፈልጋለሁ። ሰውየው የተናገረው ክፉ ቃል ነው። «አንቺ እናት ነሽ?» የሚባል ነገር አይደለም፣ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይገባል። ቢሆንም በዚያች ሰዓት ከፊቱ የነበረው ምን እንደሆነ አስቢ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልተኛ፣ በማግሥቱ ሥራ መግባት ያለበት፣ ልጁ አተኩሶታል የተባለ አባት ነው። ሊያደርግ የሚችለው ነገር ሆኖ የታየው ወደ ልጁ መሄድ ብቻ ነበር። አንቺ ያን አንዱን ነገር ዘጋሽበት። መዝጋትሽ ልክ ነበር። በምትኩ ግን የሚይዘው ነገር አልሰጠሽውም። ለእኔ የዚያ ማታ ቁስል እዚህ ላይ ነው ያለው።

በዚያ ሰዓት ብዙ የሚሠራ ነገር ነበር። ጅማ ላለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ደውሎ «እስቲ ልጁን ሄደህ እየው፣ ትኩሳቱ ካልበረደ ውሰድልን» ማለት ይቻል ነበር። ለእናቱ ምን ምን ምልክት ካዩ ሳይነጋ እንኳ ሐኪም ቤት እንደሚሮጡ መንገር ይቻል ነበር። አንዘፈዘፈው ወይ? የጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል? ሲጠሩት ይነቃል? የእነዚህን መልስ የሰማ አባት ትንሽ ይረጋጋል። ሌላው ደግሞ ማታውኑ ለንጋት አውቶቡስ ትኬት መፈለግ ነበር። ሰኞ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ብትነሡ ኖሮ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጃችሁን ታቅፉት ነበር። እናንተ ሳትነጋገሩ ስላደራችሁ የነጋበትን አማራጭ ያዛችሁ፤ አውሮፕላኑ ሲመለስ ደግሞ የዕለቱ አውቶቡሶች ወጥተው አልቀዋል። ያችን አንድ ቀን የበላባችሁ ደመናው ብቻ አይመስለኝም። ኩርፊያውም ድርሻ አለው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ይህን አድርጊ። ልጁ ከተኛ በኋላ ቡና አፍልተሽ ጥሪው። ስለ ጊቤ አትጀምሪ፤ ማን ልክ እንደነበረ አትከራከሪ። «ያን ማታ ቦሌ ላይ የተናገርኩህ ነገር ከአፌ መውጣት አልነበረበትም፣ ይቅር በለኝ» በዪው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም» የሚለውን ዋጥ አድርጊው። ከዚያ ጠይቂው። «ያን ማታ ምን ፈርተህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም ብለሽ ስሚው። አንዳንድ ወንድ ይህን ተጠይቆ አያውቅም፤ መልሱ እስኪመጣ ሁለተኛው ሲኒ ሊቀዳ ይችላል። እሱ ከጨረሰ በኋላ አንቺ የፈራሽውን ንገሪው። ሁለታችሁም ስለ አንድ ልጅ ነበር የምትንቀጠቀጡት።

ከዚያ በኋላ ስለ አራቱ ቀን አውሩ። ዛንዚባር እኮ ሄዳችሁ ነበር! የአሮጌዋን ከተማ፣ የስቶን ታውንን፣ የተቀረጹ በሮች አይታችኋል። ማታ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ላይ ዓሣ ሲጠበስ አይታችሁ ይሆናል። የሕንድ ውቅያኖስን እግራችሁ ነክቷል። ያ ሁሉ በሦስት ክፉ ቀን ተሸፍኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በዕቁብ ብር የተገዛ ደስታ ነው፤ ቢወራ ይገባዋል።

ስለ ጀልባው የጠየቅሽኝን ልመልስ። አለመሄዳችሁ ትልቅ ብልህነት ነው። አውሮፕላን ያስቆመ ነፋስ ባሕሩ ላይ ምን እንደሚሠራ አስቢው። በሐምሌ 2004 ዓ.ም ስካጊት የምትባል መርከብ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ስትሄድ በማዕበል ተገልብጣ ብዙ ሕዝብ አልቋል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ሂዳያ የተባለው አውሎ ነፋስ በቅዳሜ ሹር ዕለት የታንዛኒያዋን የማፊያ ደሴት ሲመታ፣ በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል የሚመላለሱት ጀልባዎች እንዲቆሙ ተደርጎ ነበር። ጀልባ ሲቆም ምክንያት አለው። ባይቆምም፣ ዳሬሰላም ብትሻገሩ ትኬታችሁ የሚነሣው ከዛንዚባር ነው። ከዚያ ደግሞ አዲስ ትኬት ልትገዙ ነው። በሰላሙ ጊዜ መሻገሪያው ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ቀላል ጉዞ ነው፤ በማዕበል ጊዜ ግን አይሞከርም።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ። እናንተን ያሳሳታችሁ ዋጋው ይመስለኛል። ከፋሲካ በኋላ ዛንዚባር ላይ ሆቴል ይረክሳል። የሚረክሰው ደግሞ ዝናብ ስለሆነ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ትልቁን ዝናባቸውን «ማሲካ» ይሉታል። ዋናው የሚወርደው በሚያዝያ ነው። የእኛ ፋሲካ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚያ መሃል ይገባል። ጾሙ ተፈታ፣ ፈቃድ ተገኘ፣ ሆቴሉ ቀነሰ ብለው ብዙ ሰዎች በዚያን ጊዜ ይሄዳሉ። በኅዳር አካባቢ ደግሞ «ቩሊ» የሚሉት ትንሹ ዝናብ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ችግሩ ያ ጊዜ ለእኛ ክረምት ነው። እዚያ ፀሐይ ሲሞቁ ሰንብቶ ጅማ ላይ ዶፍ ይጠብቃል።

ሁለቱም ቦታ ደረቅ የሚሆነው መቼ ነው? ጥርና የካቲት። ከጥምቀት እስከ ዓድዋ ያለው ጊዜ። ዛንዚባር ሞቃት ነው፣ ዝናቡ ጥቂት ነው። ጅማም ሰማዩ ጥርት ይላል። የሆቴል ዋጋ ይጨምራል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን ሰኞና ማክሰኞ ያወጣችሁትን ደምሪው። አዲስ ትኬት፣ ፔንሲዮን፣ አውቶቡስ፣ ሁለት ቀን የተዘጋ ሱቅ። የሆቴሉ ቅናሽ እዚያው አልቋል። ሰማይ ዋስትና አይሰጥም፤ በጥርም ሊዘንብ ይችላል። ዕድሉ ግን በጣም ይሻላል።

አውሮፕላኑ ጅማ ደርሶ ለምን እንደተመለሰም ባለቤትሽ ይወቀው፤ ምናልባት ንዴቱ ይቀንስለት ይሆናል። ከተማችን በተራሮች የተከበበ ሜዳ ላይ ናት። ዝናብ አድሮ ሲነጋ ጉሙና ዝቅ ያለው ደመና እዚያው ይረጋል። ፓይለቱ ተወስኖ የተሰጠው ከፍታ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ደርሶ መንደርደሪያውን ወይም መብራቱን ካላየ መልሶ ይነሣል። ጥቂት ይዞራል፣ ደመናው ይገለጥ እንደሆነ ይጠብቃል። የያዘው ነዳጅ እየዞሩ ለመቆየትና ወደ ቦሌ ለመመለስ ተብሎ የተሰላ ነው። ስለዚህ እስከፈለገ ድረስ መጠበቅ አይችልም። መንገደኛው ከላይ ሆኖ «ቤቴን አልፌው ተመለስኩ» ብሎ ይበሳጫል፤ እኔም ደርሶብኝ አልቅሻለሁ። ፓይለቱ ግን ያን ዕለት ያደረገው አንቺ ማታ ያደረግሽውን ነው። በማያየው ነገር ውስጥ አልገባም አለ።

ወደ ትኬቱ ልምጣ። የእናንተ ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ነው። ከዛንዚባር አዲስ አበባ አንድ ትኬት፣ ከአዲስ አበባ ጅማ ሌላ ትኬት ነበራችሁ። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ስለ እናንተ የሚያውቀው ነገር የለም። አልመጡም ብሎ ይሄዳል። ከዛንዚባር እስከ ጅማ በአንድ ትኬት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ በረራ ላይ ማስገባት የአጓጓዡ ኃላፊነት ይሆናል። ትኬት ቆራጩን «እስከ ጅማ በአንድ ትኬት አድርጉልኝ» በዪው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ እኔ ብሆን እከፍለዋለሁ። ለብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ተዉ። ቅዳሜ ገብቶ እሑድ ጠዋት መብረር ቀጭን ነው፤ ለሰኞ ሥራ ደግሞ ከቀጭንም ቀጭን። ረቡዕ ከደሴቱ ውጡ፣ ሐሙስ አዲስ አበባ እረፉ፣ ዓርብ ጅማ ግቡ። ምንም ካልተፈጠረ ቅዳሜና እሑድ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ ዘመድ ትጠይቂያለሽ። የሆነ ነገር ከተፈጠረም ሰኞ ሥራው አይነካም። የመመለሻ ቀን የሽርሽሩ የመጨረሻ ቀን ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ለብቻው እቆጥረዋለሁ። ሁለት ቀን እሰጠዋለሁ።

መቼስ ሰዓት ነገር ስናነሳ፣ አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው። የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት የእነሱም 1 ሰዓት ነው። ትኬት ላይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። አስተናጋጁ «4 ሰዓት» ቢልሽ የትኛው 4 እንደሆነ ጠይቂ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጪ። ማክሰኞ 00:30 ተብሎ የተጻፈ በረራ ሰኞ ማታ ነው አየር ማረፊያ የምትሄጂለት። በዚህ ብቻ ስንት ሰው ቀርቷል መሰለሽ።

ብሩን በተመለከተ። ለመዘግየቱ ካሣ አትጠብቂ። ዛንዚባር ላይ ላጋጠማችሁ መዘግየት የሚሠራው በፈረንጆቹ 1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ታንዛኒያም ገብተውበታል። አጓጓዡ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ መዘግየቱን ማስቀረት ካልቻለ ተጠያቂ አይሆንም ይላል። ማዕበል ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። አውሮፓ ያለ ዘመድ «እኛ ስንዘገይ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ይከፈለናል» ብሎሽ ከሆነ ያ የእነሱ ሕግ ነው። ከአውሮፓ ለሚነሣ፣ ወይም በአውሮፓ አየር መንገድ ወደዚያ ለሚገባ በረራ ነው የሚሠራው። እዚያም ቢሆን አየር ጠባይ ካስቆመው ካሣው ይቀራል፤ ምግብና ማደሪያ ግን ይሰጣሉ።

የሚመለስ ግን አለ። የሰኞው ትኬት! አውሮፕላኑ አሳፍሮ ጅማ አላደረሳችሁም። እናንተም ሌላ በረራ አልተጠቀማችሁም። ያ ብር የእናንተ ነው፤ ትኬቱን ይዘሽ ተመላሽ ጠይቂ። የእሑዱንም፣ እናንተ ናችሁ የቀራችሁበት ቢሆንም፣ የሚመለስ ነገር ካለው ጠይቂ። ጠይቆ ማጣት አያሳፍርም። ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ሰው ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ 44 ዶላር የሚያስከፍል የግዴታ ኢንሹራንስ አለ። ወረቀቱ ኢሜይልሽ ውስጥ ይኖራል። ብዙ ሰው ከፍሎ አያነበውም። አንብቢው፣ የሚሸፍነውን እዪ። ሻንጣው በመዘግየቱ ያወጣችሁት ወጪ ካለም ከተረከባችሁበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ ቀኑ ሄዷል፤ ከዚህ ሳምንት አታሳልፊው። ሻንጣ ተሰብሮ ለሚደርሰው ሰው ደግሞ ጊዜው 7 ቀን ብቻ ነው።

ባለቤትሽ ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቷል። አለቃው ምን እንዳለው አልነገርሽኝም። በረራው በአየር ጠባይ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲጠየቅ ይሰጣል። የዛንዚባሩንም የጅማውንም ይጠይቅ። ይህን ወረቀት አንቺ ራስሽ ሄደሽ ብታመጪለት ደግሞ ደስ ይለኛል። ይቅርታ በወረቀትም ይመጣል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ብር እዚያ አይሠራም፤ ከዋናው ገንዘብ ተለይቶ በፖስታ የታሸገ ዶላር ያዙ። ለሁለት ተጨማሪ ሌሊትና ለምግብ የሚበቃ ይሁን፣ ቤት ሳትገቡም አይከፈት። የልጁን አንድ ቅያሪ ልብስ ብቻ ሳይሆን የክትባት ካርዱን፣ የሕክምና ብርና በቅርብ የሚደርስ አንድ ሰው ለአያቱ ትታችሁ ሂዱ። «እሑድ እንመጣለን» አትበሉ። «እስከ ማክሰኞ ድረስ እንመጣለን» በሉ። እሑድ ከተባሉ እሑድ ማታ ነው መጨነቅ የሚጀምሩት። ማክሰኞ ከተባሉ ደግሞ ዓርብ ስትደርሱ ሠርግ ይሆንላቸዋል።

አሁን ወደ አማትሽ። እሳቸውን በክፉ አትያቸው። እርጅና ላይ ያሉ እናት፣ ሌሊት የሚያተኩሰው የሰው ልጅ ይዘው፣ ስልክ ሲደውሉ አንዴ ዛንዚባር፣ አንዴ ቦሌ፣ አንዴ አየር ላይ ናቸው እየተባሉ ሦስት ቀን ቆዩ። የልጅ ልጃቸው ነው፣ አዎ። ቢደርስበት ግን «በአያቱ እጅ» ነበር የሚባለው። ያን ፍርሃት ለብቻቸው ነው የተሸከሙት። ስትመጡ እናንተ ተኳርፋችሁ ነበር፤ ማን አመሰገናቸው? ደብዳቤሽ ውስጥ ምስጋና ፈለግሁ፣ አጣሁ። ማፈርሽ ራሱ ከዚህ ይመስለኛል የመጣው።

ቅርንፉዱን ውሰጂላቸው። መዓዛው እዚያ ሻንጣ ውስጥ እየጠፋ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጁን አስከትለሽ ሂጂ። ባለቤትሽ እሺ ካለ አብሮሽ ይምጣ፤ ካላለ ብቻሽን ሂጂ፣ አትጠብቂው። ስትገቢ ጉልበታቸውን ሳሚ። «እማዬ፣ ልጄን ጠብቀው ስላቆዩኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለት ቀን ስላስጨነቅኩዎት ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። ስለ ማዕበሉ ማስረዳት አትጀምሪ፤ ከጠየቁሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ከዚያ ተነሥተሽ ሻዩን አንቺ ጣጂው። ከቅርንፉዱ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል አድርጊበት፤ የተረፈውን እሳቸው ማስቀመጫውን ያውቁበታል።